ሞተር ሳላጠፋ እስከ መርካቶ

ከተመለስኩ ወዲህ የከተማችን ሰው ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «መርካቶ እንዴት ናት?» ይለኛል። ገበያ ላይ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጠጋ ብለው ይጠይቁኛል። ትልቅ ናት እላቸዋለሁ፤ አይበቃቸውም። ስለዚህ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። አስቀድሜ ግን ልናገር፤ ያየሁት ጎጃም በረንዳን፣ ሶማሌ ተራን እና የገዛ መኪናዬን ሆድ ዕቃ ነው። ሌላውን መርካቶ ያየ ሰው ይንገራችሁ።

ለምን እንደሄድኩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ለማያውቅ አንባቢ ግን ልድገመው። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ማርሿ ደግሞ አውቶማቲክ ስለሆነ እንቢ ካለች ተገፍታ አትነሳም። አንዳንድ ቀን ቁልፉን ገና ስነካው ትነሳለች። አንዳንድ ቀን «ጭክ» ትልና ዝም ትላለች። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በማለዳ፣ ልጄን ሰናይትን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ሥራው ሩቅ አገር ስለሆነ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ እናቷን ከቀበርን ስድስት ዓመት አልፎናል። ጤና ጣቢያው በቶሎ ደብረ ማርቆስ ውሰዷት አለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዶ ነበር። ከኋላ ወንበር አስተኛኋትና ቁልፉን አዞርኩ። ጭክ አለች። ደግሜ አዞርኩ፤ ጭክ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ስናደርግ ቆይተን፣ በመጨረሻ የጭነት መኪና ተለምኖ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሕፃኑ ሞቶ ነበር። ወንድ ነበር።

ሰናይት ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ያቺ መኪና ውስጥ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ገብታ አታውቅም። ገበያ ስሄድ ላድርስሽ ስላት «በእግሬ ይሻለኛል» ትለኛለች። አሁን እንደገና ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን ጊዜ መኪናዋ እንቢ እንዳትል ነው መርካቶ የወረድኩት። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ሰኞ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የኅዳር ብርድ ጣት እየቆረጠ፣ መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አዲስ አበባ እስክገባ ሞተር ላላጠፋ ወሰንኩ። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ በሶ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። «በሰላም ግባ» አለችኝ፤ እኔን እንጂ መኪናዋን አላየቻትም።

ደጀንን አልፌ አባይ በረሃን ስወርድ ፍሬኑ እየሸተተኝ፣ ስወጣ ሙቀት መለኪያውን እያየሁ፣ ዝንጀሮ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ጎሃ ጽዮን ስደርስ ራበኝ። አንዲት ምግብ ቤት ደጃፍ አቁሜ፣ ሞተሩን እንደተነሳ ትቼ፣ አንድ እጄን በመኪናዋ በር ላይ አድርጌ ከውጭ ተጣራሁ። ባለቤቷ ወጣችና እኔንም የምትንጫጫዋን መኪናም አየች።

«ምነው ጋሼ፣ ገብተው አይቀመጡም?»

«ካጠፋኋት አትነሳልኝም፣ ልጄ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ግን ሽሮውን ከነሰሃኑ ይዛ ወጥታ በኮፈኑ ላይ ዘርግታ አቀረበችልኝ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሰሃኑም አብሮ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆሜ በላሁ። እጅ መታጠቢያ ውኃም ደጅ ድረስ አመጣችልኝ። እኛ አገር እንግዳ ቆሞ ቢበላ ለሳምንት ወሬ ይሆናል። እዚያ ግን መንገደኛ የለመደ ሰው ነውና ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ፍቼ ላይ ዕቅዴ ፈረሰ። በከተማችን ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር የያዝኩት ግማሽ ታንከር ነው፤ አልበቃኝም። የማደያው ቀጂ ሞተር ካልጠፋ አልቀዳም አለ። እውነቱን ነው፤ ሕግ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መልሼ ለመንኩት። በመጨረሻ አጠፋኋት። ነዳጁ ሞላና ቁልፉን ሳዞር ጭክ አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ጡሩምባቸውን ለቀቁብኝ። አራት ሰዎች ገፍተው ከመስመር አወጡኝ፤ ቀጂው ራሱ አንደኛው ገፊ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም ሳልነካት ተነሳች። የማይገባኝ ይህ ነበር። የታመመ ነገር እንዲህ በራሱ ጊዜ የሚድን ከሆነ፣ በዚያ በጥቅምት ማለዳ ምን ነክቷት ነው እንቢ ያለችው?

ሱሉልታን አልፌ፣ በእንጦጦ ወርጄ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎጃም በረንዳ ገባሁ። ያረፍኩት በላይነሽ ቤት ነው። በላይነሽ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከእኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች፤ በልጅነቷ ወጥታ እዚያው የማርና የቅቤ ሱቅ ከፍታ ኖራለች። ቤቷ ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋዋን ለእኔ ለቃ፣ እሷ ጎረቤቷ ዘንድ ለማደር ልብሷን ስትይዝ አይቼ ተቃወምኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ መርካቶ ነው፣ ቦታ የለም፤ ሰው ግን አለ» አለችኝ።

መኪናዋን አንድ የመጋዘን ዘበኛ ለምና በግቢው አሳደረችልኝ። ከግቢው እስከ ቤቷ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች መቶ እርምጃ ውስጥ ሁለት የእጅ ጋሪ ገጨኝ፣ አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው «ዞር በል አባት!» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። እኛ ዘንድ ከቤት እስከ ገበያ ለመድረስ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እዚህ ጤና ይስጥልኝ ብዬ መልስ ስጠብቅ ሰውየው ሌላ ሰፈር ደርሷል።

ማክሰኞ

ጠዋት መኪናዋ ተነሳችና ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የመኪና ዕቃ አገሩ እዚያ ነው። የእኛን ከተማ ሙሉ መኪና ሰብስባችሁ ብትፈቱት የአንዱን ሱቅ ግድግዳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የምሄድበት ሰው ጠፍቶኝ አልነበረም። ካቻምና ነሐሴ ላይ፣ ከዚያ ከክፉው ጥቅምት ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌክትሪሻን ስልክ ሰጥቶኝ ነበር። ሸምሱ ይባላል፤ በስልክ ነግረኸው በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነው ብሎኝ ደወልኩለት። አንዴ ትነሳለች አንዴ እንቢ ትላለች፣ ባትሪውም ደህና ነው እያልኩ ስነግረው፣ ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ማሳው ነው ጋሼ» አለኝ። «ዝም ብለው ማሳውን ያጽዱት። ማሳው ካልጸዳ ምን ቢቀያይሩ ዋጋ የለውም።»

ደሜ ፈላ። ያን ሰሞን ጤፌን አረም ውጦት ነበር፤ ማሳዬን ያየ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ያ ሾፌር አውርቶለት ነው አልኩ። አንተ ገበሬ፣ መኪና ምን ያደርግልሃል፣ ሂድና አረምህን አርም ማለቱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሽሙር አይጠፋኝም። «ማሳዬን ለእኔ ተወው!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ቁጥሩንም ከስልኬ አጠፋሁት።

ስለዚህ ሶማሌ ተራ ስገባ ከሸምሱ በቀር ማንንም ቢሆን አገኛለሁ ብዬ ነው። አንድ ደላላ ቀድሞ አገኘኝ። አነጋገሬን ሰምቶ «የጎጃም ሰው ነህ እንዴ? እኔም እኮ ከዚያው ነኝ» አለኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ተከተልኩት። የወሰደኝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳያይ «ባትሪ ነው» አለ። ባትሪው ደህና ነው ብለውኝ ነበር ስል ደላላው «ያንተ አገር መካኒክ ነው ያለህ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። አዲስ ባትሪ ገባላት። በአንድ ጊዜ ተነሳች። አጠፋኋት፤ ተነሳች። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ደላላውን አቀፍኩት።

ማታ የበላይነሽ ጎረቤት፣ እትዬ ዘይነባ፣ አይብና ጎመን በሰፊ ሰሃን ልከውልን በላን። በላይነሽን የሚያሳድሯት እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው አልጋ ለአክስቴ ልጅ፣ ከማጀታቸው ምግብ ለእኔ ሰጥተው፣ ላመሰግን ስሄድ «የወላድ አባት ነዎት ብላኛለች፤ አላህ በሰላም ይገላግላት» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። እኔ ደግሞ ባትሪው ነበር፣ አበቃ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ጭክ።

መሪውን በጡጫዬ መታሁት። ዘበኛው «ተው አባቴ፣ ብረት ምን ያውቃል» አለኝ። ሰዓት ጠብቄ፣ እንደ ልማዷ በራሷ ፈቃድ ስትነሳልኝ፣ በቀጥታ ወደ ደላላው ነዳሁ። ደላላው እንዳየኝ አልደነገጠም። «እንግዲያው ሞተሪኖው ነው» አለ። ሞተሪኖ የሚሉት ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዞረውን ክፍል ነው። አሮጌው ወጣ፣ ሌላ አሮጌ ገባ፤ የቱ ከየትኛው መኪና እንደተፈታ ፈጣሪ ይወቅ። እንደገና በአንድ ጊዜ ተነሳች። እንደገና ደስ አለኝ፣ ይህን ጊዜ ግን ማንንም አላቀፍኩም።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ መንገዱ ተጣበበና አንድ ጭነት የሚያራግፍ መኪና አቆመኝ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ አጠፋሁ። ይህችን ሞኝነት እስከ ዛሬ እረግማታለሁ። መንገዱ ሲከፈት ቁልፉን አዞርኩ፤ ጭክ አለች።

የሶማሌ ተራን መንገድ መሀል ላይ ዘግቶ መቆም ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እኛ ዘንድ መኪና ቢበላሽ ሰው ተሰብስቦ ያዝንልሃል። እዚያ ከኋላ ጋሪ፣ ከፊት ጋሪ፣ ከጎን ደግሞ ጎማ የተሸከመ ሰው፣ ሁሉም የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው። አንዱ «አባት፣ ይቺን እኮ ለቆርቆሮ ሽጣት!» አለኝ። እኔ ግን የምሰማው የእነሱን ጩኸት አልነበረም። ከኋላ ወንበር የሰናይት ድምፅ ነበር የሚሰማኝ፤ «አባዬ ቶሎ በል» ስትል። ራሴን በመሪው ላይ ደፋሁት።

አንዱ ደግ ሰው ስልኬን ተቀብሎ በላይነሽ ጋ ደወለልኝ። ሱቋን ለእትዬ ዘይነባ አደራ ብላ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች መጣች። መኪናዋን ዳር ካስገፋች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሸምሱ ጋ ለምን አልሄዱም? እዚህ የጨነቀው ሁሉ እኮ መጨረሻው እሱ ጋ ነው።»

«እሱን ሰውዬ ስሙን አትጥሪብኝ። ሰድቦኛል።»

«መቼ?»

«ዓመት አልፎታል። በስልክ።»

በላይነሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ጋሼ፣ ሰናይት ስምንት ወሯ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ

የሸምሱ ሥራ ቦታ ሁለት መኪና የምትይዝ፣ በዘይት የጠቆረች ግቢ ናት። ሰውየው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ጢሙን በሂና አቅልሞታል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እኔን አላወቀኝም፤ እንዴት ያውቀኛል፣ ድምፄን ብቻ ነው የሰማው። እኔም አልነገርኩትም። ሥራው እስኪያልቅ ስድቡን እንደማልሰማ አድርጌ ለመዋጥ ቆርጬ ነው የሄድኩት።

ኮፈኑን አልከፈተም። መጀመሪያ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው የጀመራት ጋሼ?»

«ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ።»

«ከዚያ በፊት ምን ነክታችኋት ነበር?»

«ምንም። ሰው አልነካትም።»

«ያስቡት እስቲ። ፈታችኋት? ገጭታችኋት? ቀለም ቀብታችኋት?»

ቀለም ሲል ትዝ አለኝ። ለሰናይት ሠርግ፣ ጥር ላይ፣ ነጭ ቀለም አስቀብቻት ነበር። ሙሽራ የምትወጣባት ናት ብዬ፣ ቀቢው ኮፈኑን ገልጦ ሞተሩን ዙሪያውን ሁሉ እንዲቀባው አድርጌያለሁ። ውስጡም እንደ ውጭው ይብራ ብዬ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ አሁን ኮፈኑን ከፈተ።

ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝ። ጭክ አለች። ደጋግመው አለኝ፤ ደጋገምኩ። ከዚያ ጠርቶኝ እጄን ይዞ ከነዳጅ መርገጫው ወደ ሞተሩ በምትሄድ ቀጭን ሽቦ ላይ አኖረው። ትሞቃለች።

«ይቺ ሽቦ መብራት አይመለከታትም። ጋዝ መሳቢያ ናት። ለምን ሞቀች?» አለኝ፤ ልክ እኔ ተማሪዎቼን እጠይቅ እንደነበረው። «መብራቱ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ ያስፈልገዋል። የሱ መንገድ ሲዘጋበት ባገኘው ቀጭን ሽቦ ሊሾልክ ይሞክራል። አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ያን ቀን ትነሳለች። አብዛኛውን ጊዜ አይችልም።» ቀና አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ማሳው ነው።»

ደሜ ዳግመኛ ፈላ። የማልሰማ ሆኜ እውጠዋለሁ ያልኩትን ረሳሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?» ብዬ ጮኽኩ። «ዓመት አልፎም አልረሳኸውም? ማሳዬ ምን አደረገህ? አረሜን ብታርምልኝ ምናለበት!»

ሸምሱ አፉን ከፍቶ አየኝ። ጎን ያለውን መኪና የሚሠሩት ሁለት ጎልማሶችም ቀና አሉ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ወላሂ እሱ ነው!» አለ ወደ ጎልማሶቹ ዞሮ። «ማሳዬን ለእኔ ተወው ያለኝ ሰውዬ! መጣላችሁ!»

ሁሉም በሳቅ ወደቁ። እኔ መሀል ቆሜ ማንን እንደምመታ እያማረጥኩ ነበር። ሸምሱ ትከሻዬን ያዘና ወደ ሞተሩ አጎነበሰኝ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወጥቶ በሞተሩ ጎን የታሰረ አንድ ወፍራም ጥቁር ገመድ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ማሳ ማለት ይኼ ነው። ይኼ ገመድና የታሰረበት ብረት። የጣልያን ቃል ነው፤ እኛ ከአባቶቻችን እንዲሁ ሰምተን ነው የምንጠራው። የእርሻውን ማሳ አላልኩም እኮ! እኔ ጤፍ የት አውቃለሁ፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ነው።»

ቡሎኑን ኪያቤ በሚሉት መፍቻ ፈታው። ገመዱ ሲነሳ ከሥሩ ያ የሠርጉ ነጭ ቀለም እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ቀቢው ገመዱን ፈትቶ፣ ብረቱን ቀብቶ፣ መልሶ በቀለሙ ላይ አስሮታል። ቀለም መብራት አያሳልፍም። በጎኑ ትንሽ ስንጥቅ አግኝቶ ሲያልፍ ትነሳለች፤ ሳያገኝ ሲቀር ትተኛለች። በሽታው ሁሉ ይኸው ነበር። ሸምሱ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፋቀው፣ የገመዱን ጫፍም ፋቀ፣ መልሶ አጠበቀው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ይህ እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ በቢላ ልሠራው የምችለው ሥራ ነው።

«ያኔ ባይዘጉብኝ ኖሮ እኮ በስልክ እነግርዎት ነበር» አለኝ እየሳቀ። «አጽዱት ብዬ ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ እንዴት አደረጓት?»

«እንዲሁ ቆየች» አልኩት።

ገንዘብ ስሰጠው እጁን ወደኋላ አደረገ። «አላህ ያውቃል አልቀበልም። ዓመት ሙሉ አሥቀውናል። በዚህ ግቢ መኪና እንቢ ባለ ቁጥር 'ማሳዬን ለእኔ ተወው' ነው የምንባባለው።» ጎልማሶቹ እንደገና ሳቁ። ምን ላድርግ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። አፌን ከፍቼ፣ ጥርሴን አሳይቼ ሳቅሁ። ሰውየው አልበደለኝም፤ መዳኛዬን ነው የነገረኝ፤ ያውም በነሐሴ፣ ሁለት ወር ሲቀር።

በአንድ ጊዜ ተነሳች። ነድቼ አንድ ጥግ እስክደርስ ቻልኩ፤ እዚያ አቁሜ አለቀስኩ። በሰው ፊት አላለቅስም ብዬ አድጌ፣ ያ ሁሉ ተሸካሚ እያየኝ አለቀስኩ። መርካቶ ግን ለዚህም ጊዜ የላትም፤ ማንም ምነው አላለኝም። ማታ በላይነሽ ለምን እንዳልበላሁ ጠየቀችኝ። የመኪናዋ መዳን ነው፣ ደስታው ነው አልኳት።

ዓርብ

በላይነሽ ለሰናይት ለአራስ ቤቷ የሚሆን ማር በገንቦ ጭናልኝ፣ እትዬ ዘይነባ በሕፃን ልክ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ ጨምረውልኝ በጠዋት ወጣሁ። ይህን ጊዜ በየከተማው ሆን ብዬ አጠፋኋት። ሱሉልታ አጠፋሁ፤ ተነሳች። ፍቼ አጠፋሁ፤ ተነሳች። ጎሃ ጽዮን ያቺው ምግብ ቤት ገብቼ፣ ወንበር ስቤ፣ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ባለቤቷ «ዳነችልዎ?» ብላ ከልቧ ደስ አላት። እኔ ግን ምግቡን ሳልጨርስ ከፍዬ ወጣሁ። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ በተነሳች ቁጥር ያ ማለዳ ነው የሚመጣብኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እላለሁ፣ የአንድ ብረት መፋቅ ነበር እላለሁ፤ አባይ በረሃን የወረድኩት እንዲህ ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው።

ማታ ቤቴ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ቁልፉን አመጣችልኝ። ሰናይት ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ሄዳለች። እስክትወልድ ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለው በባሏ አክስት ቤት ትቆያለች። «አባዬ እንዳይከፋው በሉት» ብላለች አለችኝ። እኔን አልጠበቀችም። መኪናዋ ትዳን አትዳን እስኪታወቅ እንኳ አልጠበቀችም።

ቅዳሜ

ደብረ ማርቆስ ነዳሁ። ሰናይት በሩ ድረስ ወጣችልኝ፤ እግሯ አብጧል፣ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ደርባዋለች። ማሩንና ኮፍያውን ሰጠኋት። ከዚያ እንደ ልጅ፣ እይኝ ብዬ፣ መኪናዋን አስነሳሁላት። አጥፍቼ ደግሜ አስነሳሁ።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ምኗ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አልኳትና ነገርኳት። ለሸምሱ ያልነገርኩትን፣ ለበላይነሽ የደበቅኩትን፣ ቆሜ ለእሷ ነገርኳት። ቀለሙን ነገርኳት። በነሐሴ መደወሌን፣ ሰውየው ማሳው ነው ማለቱን፣ ማሳ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ ጆሮው ላይ መዝጋቴን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ምን ማለትህ ነው ብለህ አልጠየቅከውም?» አለችኝ።

«የሰደበኝ መሰለኝ፣ ልጄ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ የእውነት የጠፋባትን ነገር የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

«ቢሰድብህስ፣ አባዬ?» አለችኝ።